21 ቀዳዳ ፈልገን 42 ያገኘንበት ቱቦ፦ የአንድ ጉዳይ ጥናት

«ወረቀቱ 21 ይላል፣ ፋይሉ ላይ ያለው ግን 42 ነው። የቱን ልከተል?»

ይህን የጠየቀን የቱቦ ሌዘር መቁረጫው ኦፕሬተር ነው። ማሽኑን ከማስነሳቱ በፊት ደወለ። እኔ ያንን ድሮዊንግ (የሥራ ንድፉን ወረቀት) አይቼ ካጸደቅኩ ገና አንድ ቀን አልሞላም ነበር። ቀዳዳ ቆጥሬ አልነበረም ያጸደቅኩት። በኮምፒዩተር ዲዛይን ሶፍትዌር የተሠራውን ሞዴል አዟዙሬ አየሁት፣ ደህና መሰለኝ፣ አሳለፍኩት።

ጉዳዩን የጻፍኩት ስህተቱ ከባድ ስለነበረ ብቻ አይደለም። ስህተቱ ሞዴሉ ውስጥ የገባው ከመጀመሪያዋ ቀዳዳ ጀምሮ ነው። ሆኖም ለሳምንታት ማንም ሊያየው አልቻለም፤ ምክንያቱም መጀመሪያ የነበረው የቀዳዳ ብዛት፣ 24 የሚለው ቁጥር ራሱ፣ ሸፍኖት ነበር። በሲሊንደር ዙሪያ ቀዳዳ የሚደረድር ሰው ሁሉ አንድ ቀን እዚህ ቦታ መድረሱ አይቀርም።

## ሥራው ምን ነበር

ሥራው ቀላል ነው። ፈሳሽ የሚያጣራ የብረት ቱቦ። የውጭ ዲያሜትሩ 120 ሚሊሜትር፣ የግድግዳው ውፍረት 3 ሚሊሜትር፣ ርዝመቱ 300 ሚሊሜትር። ዙሪያውን 6 ሚሊሜትር ስፋት ያላቸው ክብ ቀዳዳዎች ይበሳሉ። በአንድ ረድፍ 24 ቀዳዳ፣ በጠቅላላው 18 ረድፍ። በረድፍና በረድፍ መሀል 15 ሚሊሜትር አለ። 18 ረድፍ 17 ክፍተት ስላለው 255 ሚሊሜትር ይይዛል፤ የቀረው ከላይ 22.5፣ ከታች 22.5 ሆኖ ይከፈላል።

ረድፎቹ እንደ ጡብ ግንብ የተዛነፉ ናቸው። የሁለተኛው ረድፍ ቀዳዳ የሚያርፈው በመጀመሪያው ረድፍ ሁለት ቀዳዳዎች መሀል ነው። 24 ቀዳዳ በአንድ ዙር ማለት በየ15 ዲግሪው አንድ ቀዳዳ ማለት ነው፤ ስለዚህ መዛነፉ የዚያ ግማሽ፣ 7.5 ዲግሪ ይሆናል። ቀዳዳዎቹ ሲደመሩ 432 ናቸው።

ሞዴሉን የሠራችው ገና ሁለተኛ ዓመቷን የያዘች የሥራ ባልደረባችን ናት። ከዚህ በኋላ ዲዛይነሯ እላታለሁ። ጎበዝ ናት፤ ይህን አስቀድሜ ልናገር፣ ምክንያቱም የተፈጠረው ነገር ለጎበዝም ለሰነፍም እኩል የተደቀነ ጉድጓድ ነው።

## ሞዴሉ እንዴት ተሠራ

መጀመሪያ ቱቦውን አወጣች። ከዚያ የቱቦውን ቆዳ ከላይ የምትነካ ፕሌን (ጠፍጣፋ የመሳያ ገጽ) ሠራች፣ ከመሀል ዘንጉ 60 ሚሊሜትር ርቃ። እዚያ ላይ 6 ሚሊሜትር ክብ ሳለችና ወደ ውስጥ ቆረጠች። ጥልቀቱን ስትመርጥ ስሩ ኦል የሚባለውን፣ ያገኘውን ሁሉ በስቶ የሚያልፈውን ምርጫ ወሰደች። ብዙዎቻችን እጃችን የሚሄደው ወደዚያው ነው።

ቀጥሎ ሰርኩላር ፓተርን፣ አንዱን ቁርጥ በዘንግ ዙሪያ እያባዛ የሚደረድረው ትእዛዝ። ዘንግ እንድትመርጥ ሲጠይቃት የቱቦውን ክብ ፊት ነካች፣ ሶፍትዌሩ መሀሉን ራሱ አገኘው። ብዛት 24፣ ጠቅላላ አንግል 360፣ እኩል ክፍተት። አንድ ረድፍ ተሠራ። ለሁለተኛው ረድፍ በ7.5 ዲግሪ የዞረች ሌላ ፕሌን አዘጋጅታ ያንኑ ደገመች። በመጨረሻ ሁለቱን ረድፎች እንደ አንድ ጥንድ ይዛ በቀጥታ መስመር በሚያባዛው በሊኒየር ፓተርን በየ30 ሚሊሜትሩ 9 ጊዜ ደረደረቻቸው። 18 ረድፍ ሆነ።

ስክሪኑ ላይ የሚታየው እንከን አልነበረውም። ተቆጠረ፣ 24 ነው። ክብደቱ 2.31 ኪሎ፤ በእጅ ቢሰላም የሚመጣው ይኸው ነው። ያለቀዳዳ ቱቦው ወደ 2.6 ኪሎ ይመዝናል፣ አንዷ ቀዳዳ የምትቀንሰው ከግራም ሁለት ሦስተኛ ያህል ነው፣ በ432 ሲባዛ 288 ግራም አካባቢ ይሆናል። ሁሉም ይገጥማል።

## ለውጡ የመጣ ቀን

ደንበኛው ቱቦው እንዲጠነክር ፈለገ። በቀዳዳና በቀዳዳ መሀል የሚቀረው ብረት አንሶታል። በ24 ቀዳዳ ሲሰላ ከመሀል እስከ መሀል በውጭው ቆዳ ላይ 15.7 ሚሊሜትር ነው፤ የቀዳዳዋ 6 ሲቀነስ 9.7 ሚሊሜትር ብረት ይቀራል። እሱ 12 ገደማ እንዲሆን ነው የጠየቀው። ወደ 21 ቀዳዳ ከወረድን 11.95 ይመጣል። ተስማማን።

ዲዛይነሯ ሁለቱን ፓተርኖች ከፍታ 24ን በ21 ተካች። ድሮዊንጉ ላይ ያለውን ማስታወሻም 24 ቀዳዳ የሚለውን 21 ብላ አረመች። ማስታወሻው በእጅ የተጻፈ ጽሑፍ ነበር፣ ከሞዴሉ ጋር አልታሰረም። ሰዓት እንኳ አልወሰደባትም። ወደ እኔ መጣ፣ አየሁት፣ አለፈ። ፋይሉ በስቴፕ (ሶፍትዌሮች ሞዴል በሚለዋወጡበት የፋይል ዓይነት) ተልኮ ሌዘሩ ጋ ደረሰ።

ስክሪኑ ላይ ጥቅጥቅ ያለ ነገር ይታይ ነበር፤ ይህን በኋላ ሁለታችንም አምነናል። እሷ «የፊተኛው ግድግዳ ተበስቶ የኋለኛው ቀዳዳ እየታየኝ መስሎኝ ነው» አለች። ቀዳዳ የበዛበት ቱቦ ሲታይ እውነትም ዓይን እንዲህ ይሳሳታል።

አንድ ነገር ግን ያለምንም ጥርጥር ይነግረን ነበር። ድሮዊንጉ ጥግ ላይ ያለው ሠንጠረዥ ክብደቱን ከሞዴሉ በራሱ ያነባል። ከለውጡ በፊት 2.31 ኪሎ ይል የነበረው ከለውጡ በኋላ 2.09 ኪሎ ይላል። ቀዳዳ ቀንሰን ቱቦው ቀለለ! ቀዳዳ ሲቀንስ ብረት ይጨምራል፤ መሆን የነበረበት 2.35 ኪሎ ነው። ያው አንድ ወረቀት ከላይ «21 ቀዳዳ» ይላል፣ ከታች ደግሞ ይህ ሊሆን እንደማይችል ይመሰክራል። ሁለቱን ያገናኘ ሰው ግን አልነበረም፣ እኔን ጨምሮ።

## ስህተቱ የት ነበር

የመጀመሪያዋ ቀዳዳ አንድ አልነበረችም። ስሩ ኦል የላይኛውን ግድግዳ በስቶ፣ ባዶውን አቋርጦ፣ በታችኛው ግድግዳም ይወጣል። ማለትም እያንዳንዱ ቁርጥ ሁለት ቀዳዳ ነው፦ አንዱ እዚህ፣ አንዱ 180 ዲግሪ ዞሮ ማዶ።

ታዲያ በ24 ለምን አልታየም? 24 ለሁለት ስለሚካፈል። በየ15 ዲግሪው 12 ጊዜ ስትሄዱ በትክክል 180 ላይ ትደርሳላችሁ። ስለዚህ የ1ኛው ቀዳዳ ማዶ ያለው 13ኛው ቀዳዳ ነው። የ1ኛው ቁርጥ ማዶኛ በ13ኛው ላይ ልክክ ብሎ ይተኛል፣ የ2ኛው በ14ኛው ላይ፣ እንዲህ እያለ ይዞራል። እያንዳንዱ ቀዳዳ ሁለት ጊዜ እየተበሳ ነበር፣ ግን የተበሳን ቀዳዳ እንደገና መብሳት ምልክት አይተውም።

21 ጎዶሎ ቁጥር ነው። 360 ለ21 ሲካፈል 17.14 ዲግሪ ይመጣል፤ 180 ለዚያ ሲካፈል 10.5። ያቺ ግማሽ ናት ነገሩን ያፈረጠችው። የ1ኛው ቀዳዳ ማዶኛ የሚያርፈው በ11ኛውና በ12ኛው ቀዳዳ ልክ መሀል ነው። በየረድፉ 21 የታሰቡና 21 ያልታሰቡ፣ በድምሩ 42። በጎዶሎ ቁጥር ሁሉ ይኸው ይሆናል፤ 5 ብትሉ 10፣ 7 ብትሉ 14።

ውጤቱን በብረቱ እንየው። 12 ሚሊሜትር እንዲሆን የተፈለገው ብረት 3 ሚሊሜትር ሆነ። ደንበኛው ይጠንክርልኝ ብሎ የጠየቀው ቱቦ ቢቆረጥ ኖሮ ከመጀመሪያውም በጣም የደከመ ይሆን ነበር። ይህ ነው የሚያስደነግጠኝ።

ከሥሩ ሌላም ተደብቆ ነበር። የረድፎቹ መዛነፍ 7.5 ዲግሪ ተብሎ በቁጥር ነው የተጻፈው። 7.5 የ24 ግማሽ ርምጃ ነው። የ21 ግማሽ ርምጃ 8.57 ነው። ብዛቱ ሲለወጥ አንግሉ አልተከተለም፣ ሊከተልም አይችልም፣ ማንም አላሰረውም። ልዩነቱ ውጭው ቆዳ ላይ 1.1 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ለብቻው ቢሆን ኦፕሬተሩም አይደውልም ነበር።

## የሞከርናቸው መንገዶች

መጀመሪያ ዲዛይነሯ ትርፎቹን አንድ በአንድ ለማጥፋት ሞከረች። ፓተርን ውስጥ የተወሰኑ ቅጂዎችን መዝለል ይቻላል፣ ስክሪኑ ላይ ነጥቡን መንካት ነው። አልሆነም። ነጥቡን ስትነካ የምትጠፋው ቀዳዳ ሁለት ናት፣ የምትፈለገውና ማዶኛዋ አብረው ይሄዳሉ። ቁርጡ ጥንድ ከሆነ ቅጂውም ጥንድ ነው። በጥንድ እየቆረጡ 21 ማግኘት አይቻልም።

ሁለተኛው ሐሳብ «22 እናድርገው» የሚል ነበር። ለደንበኛው 21 ይሁን 22 ብዙ ለውጥ የለውም፣ ስክሪኑም ላይ ይስተካከላል። ፈታኝ ነበር፣ ሰዓቱም አልቋል። እምቢ ያልኩት ችግሩን ስለማይፈታው ነው፤ እንደገና ይሸፍነዋል እንጂ። ቀጣዩ ሰው ፋይሉን ወርሶ 19 ሲጽፍበት ያው ነገር ይደገማል፣ ያኔ ደግሞ የሚደውል ኦፕሬተር ላይኖር ይችላል።

አጠገባችን የነበረ ሌላ ባልደረባ ክቦቹን በሙሉ አንድ ጠፍጣፋ ስኬች (ለቁርጡ መነሻ የሚሆን ሥዕል) ላይ በመስመር ደርድረን በአንድ ጊዜ እንቁረጣቸው አለ። ብዙ ጀማሪ በዚህ መንገድ ስለሚሄድ ትንሽ ልቆይበት። በ24ቱ ስሌት 15.7 ሚሊሜትር እያራራቃችሁ በጠፍጣፋ ፕሌን ላይ ከመሀል ወደ ጎን ሂዱ። ሦስት ርምጃ ሄዳችሁ ያለው ክብ ከመሀሉ 47.1 ሚሊሜትር ይርቃል። ሲሊንደሩ ላይ ሲወርድ በ51.8 ዲግሪ ያርፋል፣ መሆን የነበረበት ግን በ45 ነው። ክብነቱም ይጠፋል፤ በቆዳው ላይ ሲለካ 9.7 ሚሊሜትር ያህል የተለጠጠ እንቁላል ይሆናል። አራተኛው ርምጃ 62.8 ሚሊሜትር ላይ ነው፣ የቱቦው ጠርዝ 60 ላይ አልቋል፣ ስለዚህ ከሞላ ጎደል አየር ይቆርጣል። ሲሊንደር ላይ ቀዳዳ የሚደረደረው ዘንጉን በመዞር ነው፣ በመስመር አይደለም።

ሦስተኛው ሙከራ ግማሽ መንገድ ወሰደን። ስሩ ኦልን ትተን ጥልቀቱን 10 ሚሊሜትር አደረግነው። ግድግዳው 3 ስለሆነ ቁርጡ ግድግዳውን አልፎ ባዶው ውስጥ ይቆማል። 42ቱ ወዲያው 21 ሆኑ። ደስ አለን። ከዚያ ለመፈተን ብለን የውጭ ዲያሜትሩን 130 አደረግነው፣ ቀዳዳዎቹ በሙሉ ጠፉ። ምክንያቱ ፕሌኗ ናት፤ ከዘንጉ 60 ሚሊሜትር ርቃ ተቸንክራለች፣ አዲሱ ግድግዳ ደግሞ ከ62 እስከ 65 ነው። ከግድግዳው በታች ቆሞ ወደ ውስጥ የሚቆርጥ ስኬች ምንም አያገኝም።

## የጸናው መንገድ

የመጀመሪያዋን ቀዳዳ ከሥሯ እንደገና ሠራናት። ስኬቹን ቆዳው ላይ ከማድረግ በመሀል ዘንጉ በኩል የምታልፍ ፕሌን ላይ አደረግነው፤ ይህች ፕሌን ፋይሉ ሲከፈት ጀምሮ ያለች ናት። ቁርጡ ከዘንጉ ተነስቶ ወደ ውጭ፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ። አሁን ስሩ ኦልም ቢሆን ችግር የለውም፣ ምክንያቱም በዚያ አቅጣጫ ያለው ግድግዳ አንድ ነው። ዲያሜትሩ 130 ይሁን 80፣ ቀዳዳዋ ግድግዳውን ታገኘዋለች። አንድ ጥንቃቄ ብቻ አለ፦ አንዳንድ ሶፍትዌር በሁለቱም በኩል የመቁረጥ ምርጫ ያቀርባል፤ እሱ ከተነካ ወደ ድሮው ተመልሰናል።

ቀጥሎ ብዛቱን ተለዋዋጭ አደረግነው። አንድ ቦታ ይጻፋል፣ ሁለቱም ፓተርኖች ከዚያ ያነባሉ። የረድፎቹን መዛነፍ ደግሞ 180 ሲካፈል ለብዛቱ ብለን በቀመር አሰርነው። ለ24 7.5 ይሰጣል፣ ለ21 8.57 ይሰጣል፣ ማንም ማስታወስ አይጠበቅበትም።

ድሮዊንጉ ላይ ያለውን ማስታወሻም ከሞዴሉ ጋር አገናኘነው። እውነቱን ለመናገር ይህን ለማድረግ ሦስት ደቂቃ አልፈጀም፤ መጀመሪያ ቢደረግ ኖሮ ድሮዊንጉ ከሞዴሉ ጋር አይጣላም ነበር።

ከዚያ ሙከራ። ብዛቱን 21 አድርገን ክብደቱን አየን፤ 2.35 ኪሎ። በአንድ ረድፍ መሀል ሴክሽን ቪው (ሞዴሉን ከፍሎ ውስጡን የሚያሳይ እይታ) ቆርጠን ከላይ ሆነን በጣት ቆጠርን፤ 21። 20፣ 23፣ 24 እያደረግን ደጋገምነው። ፋይሉ ያን ዕለት ከሰዓት ተላከ። ኦፕሬተሩ መልሶ ደወለ፣ «አሁን ተገናኙ» አለ።

## ለሌላ ሥራ የሚያገለግለው

ፓተርን ስህተትን አያርምም፣ ያባዛል። ስለዚህ ወደ ፓተርን ከመሄዳችሁ በፊት የመጀመሪያዋን ቀዳዳ ብቻዋን እዩዋት። ቱቦውን ገልብጡት። ማዶ ብርሃን ከታየ እዚያው አቁሙ። ይህ አሥር ሴኮንድ ነው፣ እኛ ደግሞ አሥሯን ሴኮንድ ባለመስጠታችን ግማሽ ቀን ሰጠን።

ብዛቱ ለሁለት የሚካፈል ከሆነ ሞዴሉን በጎዶሎ ቁጥር ፈትኑት። ሥራችሁ 24 ቢሆንም ለአንድ አፍታ 23 ጻፉና ቁጠሩ፣ ከዚያ መልሱት። በእኔ ግምት ከዚህ ሁሉ ውስጥ ትልቁ ፈተና ይህ ነው፤ የተደበቀውን ጥንድ ወዲያው ያወጣዋል።

ክብደቱን እዩ፣ በተለይ ከለውጥ በኋላ። ከመክፈታችሁ በፊት «ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል?» ብላችሁ ለራሳችሁ መልሱ፣ ከዚያ ቁጥሩን ግለጡ። አቅጣጫው ከተገላበጠ ሞዴሉ ውስጥ የማታውቁት ነገር አለ።

አንግልን ስትጽፉ ሶፍትዌሩ የሚጠይቃችሁ ጠቅላላውን ነው ወይስ የአንዱን ርምጃ? ዲዛይነሯ በመጀመሪያው ቀን 15 ብላ ጽፋ 24ቱም ቀዳዳ በ15 ዲግሪ ውስጥ ተደራርበውባት ነበር፤ እሱስ ደግነቱ ወዲያው ይታያል። ተንኮለኛው ሙሉ ዙር ያልሆነው ነው። በ360 ላይ 4 ቀዳዳ ሲሆን ክፍተቱም 4 ነው፣ 90 ዲግሪ። በ90 ዲግሪ ላይ 4 ቀዳዳ ሲሆን ግን ክፍተቱ 3 ነው፣ ስለዚህ 30 ዲግሪ ይሆናል፣ 22.5 አይደለም።

ቱቦው ከዝርግ ላሜራ ተቆርጦ የሚጠቀለል ከሆነ ደግሞ ርቀቱን በውጭው ቆዳ አታስሉ። ሲጠቀለል ውጩ ይለጠጣል፣ ውስጡ ይጨመቃል፣ ርዝመቱን የሚጠብቀው የውፍረቱ መሀል አካባቢ ነው። ለዚህ ቱቦ የመሀሉ ዙሪያ 367.6 ሚሊሜትር ነው፤ ለ21 ሲካፈል 17.5 ይሆናል። በውጭው 17.95 ብላችሁ ከቀደዳችሁ ዙሩ ሲዘጋ የመጨረሻውና የመጀመሪያው ቀዳዳ ይጠጋጋሉ።

ይህ ሁሉ በአንድ ሶፍትዌር የታጠረ አይደለም። ሶሊድወርክስም፣ ኢንቬንተርም፣ ፊውዥንም ላይ ጂኦሜትሪው ያው ነው። ፍሪካድ ላይ ዙሩንና መስመሩን አብሮ ለማስገባት መልቲትራንስፎርም የሚባል ፊቸር አለ።

## ከዚያ በኋላ

ከሁለት ወር በኋላ ደንበኛው ሌላ ለውጥ ይዞ መጣ። የመጀመሪያው ቱቦ ደህና እየሠራ ነው፣ ሌላ ቦታ የሚገባ ትንሽ የሚጠነክር ይፈልጋል። 19 ቀዳዳ። ጎዶሎ ቁጥር።

ዲዛይነሯ ፋይሉን ከፍታ ምንም ከመንካቷ በፊት ወረቀት ላይ «ይጨምራል፣ 2.37» ብላ ጻፈች። ከዚያ 21ን አጥፍታ 19 አስገባች። ረድፎቹ ዞሩ፣ መዛነፉ ተከተለ፣ ማስታወሻው ራሱን ቀየረ። ጥግ ላይ ያለው ሠንጠረዥ 2.37 አለ። እኔም በዚህኛው ጊዜ ሴክሽን ቪው ከፍቼ፣ ጣቴን ስክሪኑ ላይ አድርጌ፣ ከ1 እስከ 19 ቆጥሬ ነው ያጸደቅኩት።